ባሕርን በዐዋጅ መገደብ ይቻላልን?

ዕውቀትና ሥልጣን ሁልጊዜ ተስማምተው የሚሄዱ ቢሆን ኖሮ፣ የመንግሥት ሥራ እጅግ በቀለለ ነበር። ነገር ግን ሊቅ የሚያቀርበው ማስረጃ ባለሥልጣን ሊሰማው ከሚወደው ቃል ጋር የሚጋጭበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በዚያን ጊዜ የሚደረገውም ምርጫ የሕዝብን ዕድል ይወስናል። ለዚህ ምሳሌ ይሆነን ዘንድ በአሜሪካ በኖርዝ ካሮላይና ግዛት ስለ ባሕር ከፍታ የተደረገውን ክርክር በዛሬው ጽሑፋችን ልንመረምር አስበናል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኖርዝ ካሮላይና በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ያለች ግዛት ናት። ከዋናው ምድሯ ፊት ለፊት አውተር ባንክስ የሚባሉ ረዣዥምና ጠባብ የአሸዋ ደሴቶች እንደ አጥር ተዘርግተዋል። በእነዚህ ደሴቶች ላይ የመዝናኛ ቤቶች፣ ሆቴሎች፣ መንገዶችና ድልድዮች ተሠርተዋል፤ የብዙ ሰው ኑሮም በዚሁ የቆመ ነው። የግዛቲቱን የባሕር ዳርቻ የሚመለከተውን ኮሚሽን የሚያማክር የሊቃውንት ቡድን በ2010 አንድ ሪፖርት አቀረበ። ይኸውም እስከ 2100 ድረስ ባሕሩ ከ40 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ከ40 ሊነሣ ይችላልና፣ ዕቅድ ሁሉ አንድ ሜትርን መሠረት አድርጎ ይነደፍ የሚል ነበር።

ሊቃውንቱ ይህን ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው በሚያነደው ከሰልና ነዳጅ ምክንያት ዓለም እየሞቀች ሄዳለች። ውሃም ሲሞቅ ይሰፋል፤ የግሪንላንድና የአንታርክቲካ በረዶ፣ በየተራራውም ያለው ግግር ሲቀልጥ ወደ ባሕር ይወርዳል። ከዚህም በላይ በግዛቲቱ ሰሜናዊ ዳርቻ መሬቱ ራሱ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል። ስለዚህ በዚያ የሚኖር ሰው ባሕሩ ወደ እርሱ ሲወጣ፣ እርሱም ወደ ባሕሩ ሲወርድ ይገናኛሉ ማለት ነው።

ሪፖርቱ እንደ ወጣ ግን ተቃውሞ ተነሣ። የሃያ የባሕር ዳር አውራጃዎችን ጥቅም እንጠብቃለን ያሉ ሰዎች ኤን ሲ 20 በሚል ስም ተሰባስበው፣ ግምቱ የስሌት እንጂ የልኬት ውጤት አይደለም፤ የመሬትንና የቤትን ዋጋ ይጥላል፤ የመድን ክፍያን ያስወድዳል፤ ገንዘብ ይዞ የሚመጣውንም ያሸሻል ሲሉ ተከራከሩ። እውነቱን ለመናገር ስጋታቸው ከንቱ አልነበረም። የዕድሜ ልክ ጥሪቱን በአንድ ቤት ላይ ያፈሰሰ ሰው፣ ቤትህ ወደፊት ውሃ ይገባበታል የሚል ካርታ ሲወጣበት ቢደነግጥ የሚያስገርም አይደለም። ስሕተቱ በመደንገጡ ላይ ሳይሆን፣ ለድንጋጤው በተፈለገለት መድኃኒት ላይ ነው።

በ2012 የግዛቲቱ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አንድ ረቂቅ አሳለፈ። በረቂቁ መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የባሕሩን የወደፊት ከፍታ ሲገምቱ፣ ከ1900 ወዲህ የተመዘገበውን ልኬት ብቻ ይይዛሉ፤ እርሱንም በቀጥታ መስመር ይቀጥላሉ እንጂ ፍጥነቱ ይጨምራል የሚለውን ግምት አያስገቡም።

የዚህን ትርጉም በቁጥር እንየው። ስለ አየር ጠባይ ለውጥ የሚመረምረው የመንግሥታት ጉባኤ በ2021 እንዳወጣው፣ ከ1901 እስከ 2018 የዓለም ባሕር በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሏል። ይህ በዓመት ወደ 1.7 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። መስመሩን በቀጥታ ብንቀጥል በመቶ ዓመት 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ እናገኛለን። ይኸው ጉባኤ እንደሚለው ግን ከ2006 እስከ 2018 ፍጥነቱ በዓመት 3.7 ሚሊ ሜትር ደርሷል። ፍጥነቱ ከዚህ ወዲያ ምንም ባይጨምር እንኳ በመቶ ዓመት 37 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከመጀመሪያው እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። እንግዲህ ረቂቁ ልኬትን አልከለከለም፤ ልኬቱ የሚናገረውን ግን ግማሹን አፈነው።

በዚያው በጁን 2012 የአሜሪካ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች፣ ከኬፕ ሃተራስ እስከ ቦስተን በስተ ሰሜን ባለው ዳርቻ የባሕሩ መነሣት ከዓለም አማካይ ከሦስት እስከ አራት ጊዜ በፈጠነ መጠን መጨመሩን ገለጡ። ኬፕ ሃተራስም የምትገኘው በዚችው በኖርዝ ካሮላይና ነው።

ረቂቁ በመላው አገር መሳቂያ ሆነ፤ ሁለተኛው ምክር ቤትም አልቀበልም ብሎ መለሰው። በመጨረሻ በስምምነት የወጣው ሕግ ቀለል ያለ ነበር፤ አገረ ገዥዋ ቤቨርሊ ፐርዱ ሳይፈርሙበት፣ ሳይሽሩትም በኦገስት 2012 ጸና። ስለዚህ ግዛቲቱ ሳይንስን በሕግ ከለከለች የሚለው ወሬ የተጋነነ ነው። ሕጉ ያደረገው፣ እስከ ጁላይ 2016 ድረስ መሥሪያ ቤቶች ለሥራ የሚያገለግል የከፍታ ልክ እንዳይወስኑ ማገድና ሊቃውንቱ ሌላ ጥናት እንዲያቀርቡ ማዘዝ ነበር። ሁለተኛው ሪፖርት በ2015 ሲወጣ የተመለከተው 30 ዓመት ብቻ ነው። ሥራው በጥንቃቄ የተሠራ ቢሆንም የጊዜው ማጠር ትልቁን ነገር ከዓይን አራቀው፤ ድልድይ ከ30 ዓመት በላይ ይቆማልና፣ ባሕሩም ይበልጥ የሚፈጥነው ከዚያ በኋላ ነውና።

በዚችው ዳርቻ ሌላ ዓይነት ምሳሌ መኖሩ ነገሩን የበለጠ ያስተምራል። በ1870 የተሠራው የኬፕ ሃተራስ የመብራት ግንብ በመጀመሪያ ከውሃው 450 ሜትር ያህል ይርቅ ነበር። አሸዋው እየተሸረሸረ ርቀቱ ወደ 40 ሜትር ወረደ። የአገሪቱ የሳይንስ አካዳሚ በ1988 ግንቡ ይዛወር ሲል መከረ። ያን ጊዜም ተቃዋሚ አልጠፋም፤ ክርክሩም ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ሆኖም በ1999 ግንቡ እንዳለ ተነሥቶ ወደ 880 ሜትር ገደማ ወደ ውስጥ ገባ፤ እስከ ዛሬም ቆሟል። በአንጻሩ በሮዳንቴ መንደር በሜይ 2022 ሁለት የባሕር ዳር ቤቶች በአንድ ቀን ፈርሰው ማዕበል ወሰዳቸው። ለዚህ የአሸዋው መሸርሸርም ምክንያት እንደሆነ እናውቃለን፤ የሚነሣ ባሕር ግን መሸርሸሩን ያብሳል እንጂ አያቆመውም።

ግዛቲቱ በኋላ መንገዷን አርማለች። ፍሎረንስ የተባለው አውሎ ነፋስ ብዙ ጥፋት ካደረሰ በኋላ አገረ ገዥው ሮይ ኩፐር በኦክቶበር 2018 መሥሪያ ቤቶች የአየር ጠባይን ለውጥ በዕቅዳቸው እንዲያስገቡ አዘዙ፤ በ2020ም የአደጋ መቋቋሚያ ዕቅድ ወጣ። ነገር ግን እስከዚያ ድረስ ከመጀመሪያው ሪፖርት ወዲህ አሥር ዓመት አልፎ ነበር። በእነዚያ ዓመታት መሬት የገዛና ቤት የሠራ ሰው፣ መንግሥት ሊነግረው የሚገባውን ሳይሰማ ገንዘቡን አውጥቷል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደ ተባለው፣ የቤቱን ዋጋ ለመጠበቅ የተደበቀው እውነት የጎዳው ቤቱን የገዛውን ሰው ነው።

ከትምህርት ገበታ ተነሥተን ወደ መንግሥት ሥራ በመግባት ላይ ያለን ወጣቶች ከዚህ ምን እንማራለን? ለባለሥልጣን የተሰጠው መብት፣ ባሕሩ አንድ ሜትር ይነሣል ቢባል ምን እናድርግ የሚለውን መወሰን ነው። ግንብ መሥራት፣ ቤት ማዛወር፣ ለባለቤቱ ካሣ መስጠት፣ ወይም አደጋውን አውቆ መቆየት የሕዝብ እንደራሴዎች የሚከራከሩበት ጉዳይ ነው። ምን ያህል ይነሣል የሚለው ግን በድምፅ ብልጫ አይወሰንም። ጠረጴዛችን ላይ የማንወደው ሪፖርት ሲደርስ፣ ቁጥሩ ትክክል ነው ወይ ብለን እንጠይቅ፤ ይመረመር፤ ይታረም። ማንን ያስቀይማል ብለን ቁጥሩን የምናሳጥር ከሆነ ግን፣ ሥራችን ማቀድ መሆኑ ቀርቶ ማባበል ይሆናል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላል ያገራችን ሰው፤ በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚነሣ ውሃም እንዲሁ ነው።