ደማችን በየትኛው ወር ይሰጥ?

በየዓመቱ ሰኔ 7 ቀን የደም ለጋሾች ቀን በዓለም ሁሉ ይከበራል። ዕለቱ የተመረጠው የደም ዓይነቶችን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1901 የገለጠው ኦስትሪያዊው ሐኪም ካርል ላንድሽታይነር የተወለደበት ቀን ስለ ሆነ ነው። በዓሉ መልካም ነው። ዳሩ ግን እኔ የይፋት ቆላ ልጅ እንደ መሆኔ መጠን፣ ለሸዋ ሮቢት ሰኔ ብቻውን አይበቃም ለማለት እደፍራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሚወሰደው ደም 450 ሚሊ ሊትር ያህል ሲሆን፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቆየው ከ35 እስከ 42 ቀን ብቻ ነው። እንግዲህ ሰኔ 7 የተሰጠ ደም ሐምሌ 20 ሳይደርስ ጊዜው ያልፍበታል። የቆላው ወባ የሚበረታው ግን ክረምቱ ወጥቶ ውኃው በየጉድጓዱ ሲተኛ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ወባ ቀይ የደም ሕዋስን እየሰበረ ስለሚያጠፋ፣ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡር እናቶችን ከሁሉ ይልቅ ይጎዳል። በሽታው የጠናበትን ሕፃን አንዳንድ ጊዜ መድኃኒት ብቻውን አያድነውም፤ ደም ያስፈልገዋል። በወሊድ ጊዜ ደም የሚፈሳት እናትና በደሴ መንገድ ላይ መኪና የተገለበጠበት መንገደኛ ደግሞ ወር አይመርጡም።

በሽተኛው አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ ዘመድ ፈልጎ ምትክ ደም ማስለገስ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ዘመድ ያለው እንዲህ ያደርጋል፤ የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ ቆላ የወረደው እንግዳስ ማንን ይጥራ? የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 የደም ባንክ ያቋቋመው፣ በ2012ም ሥራው ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የተዛወረው፣ ደሙ ከበሽተኛው ቀድሞ እንዲገኝ ነው።

አንድ እንቅፋት አለ። ወባ የያዘው ወይም በቅርቡ ከወባ የተነሣ ሰው ደም አይሰጥም፤ ተውሳኩ ከደሙ ጋር ወደ ተቀባዩ ይሻገራልና። ስለዚህ ደም በሚያስፈልገን ወራት ከእኛ ብዙዎቹ መስጠት አይችሉም። ይህ ሁሉ ጤነኛ ሆኖ በተረፈው ላይ ይወድቃል፤ በደጋ ዘመዶቻችንም ላይ። ከደጋ ገብስና ባቄላ ወደ እኛ ይወርዳል፤ ከእኛም ማሽላና ማሾ ወደ እነርሱ ይወጣል። ደሙስ በዚሁ መንገድ ቢወርድ ምን ይከፋል? በአባቶቻችን አነጋገር «ደም አለብን» ማለት ጠብ ነበር።

ክቡራን ወላጆች፣ ልጃችን ይደክማል ብላችሁ እንደምትሠጉ አውቃለሁ። ዕድሜው 18 የሞላና ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል፤ ደሙ ያነሰበት ግን በምርመራ ታውቆ ይመለሳል። የጎደለው ፈሳሽ በአንድ ሁለት ቀን፣ ሕዋሱም በሳምንታት ይተካል። ከስድስት ሰዓት የጸሐይ ጉዞ ይልቅ የሚያደክም ነገር አይደለም፤ ያንንስ በየቀኑ እንጓዘው የለም?

ስለዚህ የትምህርት ቤታችን የቀይ መስቀል ክበብ ክረምቱ ሳይገባ ለደም ባንኩ ደብዳቤ ይጻፍ፤ ሠራተኞቹ በመስከረም መጨረሻ እንዲመጡልን፣ በታኅሣሥ መጨረሻም እንዲመለሱ ይለምን። እኔ ዘንድሮ 18 ዓመት ሞልቶኛል፤ ስሜ በዝርዝሩ ላይ ይግባ።