ጉርብትና የኔ ብቻ ዕዳ ነው እንዴ?

"ለጉርብትና ስትል ተወው" የሚባለው ሁሌ አጥሩ ለተሰነጠቀበት ሰው ነው፤ ኤክስካቫተር አስገብቶ መሠረት ያስቆፈረውን ጎረቤት የሚመክር ሽማግሌ ግን አላየሁም። ጎረቤቴ "ኮንትራክተሩን ጠይቅ" ይለኛል። ኮንትራክተሩ "አጥሩ ድሮም ያረጀ ነው" ይላል። ይሁን፣ ያረጀ ነው፤ ሥሩን ማን ቆፈረው ታዲያ?

ሕግ የተማራችሁ ተማሪዎቼ ታውቁታላችሁ፦ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2028 በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ይካስ ይላል። የቤቱ ባለቤት ግን "ተቋራጩ ራሱን የቻለ ነው" ብሎ በ2134 ሊያመልጥ ይችላል፤ ስለዚህ ሁለቱንም አንድ ላይ መክሰስ ነው። ፎቶ አንሱ፣ በመሐንዲስ አስገምቱ፣ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ ስጡ። በ2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ያላችሁ ሁለት ዓመት ብቻ ነው። እሱም "ከፋሲካ በኋላ፣ ክረምቱ ይውጣ" እየተባለ እኮ ነው የሚያልቀው።