የድራፍት ቱቦ በደብረ ታቦር ደጋ

ጋኗን በወይራ ጢስ ሳታጥን ጠላ የማትጠነስስ የደቡብ ጎንደር ባለሙያ እመቤት፣ የመጠጥ ንጽሕና ከማደሪያው ንጽሕና እንደሚጀምር ከእናቷ ተምራለችና፣ ዛሬ በቤቱ የድራፍት ማቀዝቀዣ ሊያቆም የሚያስብ ሰው ለበርሜሉ የሰጠውን ክብር ለቱቦው ቢነፍግ፣ የአበውን ሥርዓት እንዳጓደለ እቈጥረዋለሁ።

ጓሮ የሚያጠጣ የውሃ ጎማ የቢራን ጣዕም ያበላሻል። የሚገባው ለምግብ ተብሎ የተሠራ፣ የውስጥ ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱም 3 ሜትር ያህል የሆነ ቱቦ ነው፤ ጠባብነቱና ርዝመቱ ቢራውን እያዘገዩ፣ ጋዙ በድንገት ሳይለቀቅ በዝግታ ወደ ብርጭቆው ያደርሱታልና።

ነገር ግን ይህ ልክ ለቆላና ለባሕር ጠረፍ የተቀመረ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች የአየሯ ግፊት ከጠረፉ ከሩብ በላይ ያንሳል፤ ስለዚህ ያው ጋዝ በቢራው ውስጥ ይጸና ዘንድ የግፊት መቈጣጠሪያው በ0.28 ባር ያህል ከፍ ሊል፣ ቱቦውም ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር ሊጨመርለት ይገባል። ይህን ያላስተዋለ ሰው አረፋ ብቻ እየቀዳ ጠማቂውን ያማል።

የቱቦው ጫፍ ቀጥ ብሎ ተቈርጦ፣ በሙቅ ውሃ ለስልሶ፣ መጋጠሚያው ላይ እስከ መጨረሻው ተገፍቶ በብረት ማሰሪያ ይጥበቅ፤ ቱቦውም በየሁለት ሳምንቱ ይታጠብ።

የከተማችን ነጋዴዎች ሆይ፣ ለምግብ የተፈቀደ መሆኑ በላዩ የተጻፈበትን ቱቦ አምጡልን።