ለስቴም ሴል ሕክምና ሰደቃ ከመሰብሰባችን በፊት

ከጁምዓ ሰላት በኋላ ለታማሚ ወንድም ወይም እህት ገንዘብ መሰብሰብ በየመስጂዳችን የተለመደ ነው። እስካሁን በአብዛኛው የሚሰበሰበው ለኩላሊት፣ ለልብ ወይም ለካንሰር ሕክምና ነበር። አሁን ደግሞ በየስልካችን የሚደርሱ ማስታወቂያዎች «ስቴም ሴል» የሚባል ሕክምና ለጉልበት፣ ለስኳር፣ ለዓይንም ለሽባነትም መድኃኒት ነው ይሉናል።

ጉዳዩን ከጋምቤላ አንጻር ማየት የፈለግነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በክልሉ የሙስሊሙ ድርሻ 5 በመቶ ገደማ ነበር። ጀመዓው ትንሽ ነው፤ ለአንድ ታማሚ የተዋጣው ገንዘብ በከንቱ ከጠፋ ለሚቀጥለው የሚተርፍ የለም። ከከተማዋ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ብቻ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

በማስታወቂያዎቹ ብዙ ጊዜ የሚነሱት ሜዘንካይማል የሚባሉት ስቴም ሴሎች ናቸው። ከአጥንት መቅኔ፣ ከስብ፣ ከእትብትና ከእንግዴ ልጅ ይገኛሉ። መጀመሪያ ላይ ተመራማሪዎች የተጎዳውን አካል ተክተው ያድሳሉ ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። በኋላ እንደታየው ግን በደም ሥር የተሰጡት አብዛኞቹ ሳንባ ውስጥ ተይዘው በቀናት ውስጥ ይሞታሉ። ጥቅማቸው በዚያ አጭር ጊዜ የሚለቋቸው ንጥረ ነገሮች ላይ ነው፤ የተቆጣውን የሰውነት በሽታ ተከላካይ ያረጋጋሉ። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጡት አርኖልድ ካፕላን ራሳቸው በ2017 ስሙ ሰውን ያሳስታልና ይቀየር ብለዋል።

እውነተኛ ውጤትም አለ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ሪዮንሲል የተባለውን የዚህ ዓይነት መድኃኒት ፈቅዷል። የተፈቀደው ግን ለአንድ ችግር ብቻ ነው፦ ከሌላ ሰው መቅኔ ተቀብለው፣ የተቀበሉት ህዋስ መልሶ ገላቸውን ለሚያጠቃቸውና የተለመደው መድኃኒት ላልሠራላቸው ሕፃናት። ለአንድ ጊዜ የሚሰጠው መጠን ዋጋው 194,000 ዶላር ነው፤ በአራት ሳምንት ስምንት ጊዜ ይሰጣል። እስኪሰጥ ድረስ የሚቀመጠውም በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች ከ135 ዲግሪ በላይ በሆነ ቅዝቃዜ ነው። በበጋ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚደርስባት ጋምቤላ ይህን ማሰብ ይከብዳል።

ጉልበትስ? ሱጁድ ከብዷቸው በወንበር ላይ የሚሰግዱ አባቶችና እናቶች ስላሉን ይህ ማስታወቂያ ልባችንን ይነካል። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2012 ከእትብት ደም የሚዘጋጅ የጉልበት ሕክምና ፈቅዳለች። ነገር ግን በ2023 ውጤቱ የወጣ፣ አሜሪካ ውስጥ ከ400 በላይ ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ የስቴም ሴል መርፌዎች ከተለመደውና ርካሽ ከሆነው የስቴሮይድ መርፌ ከዓመት በኋላ የተሻለ ውጤት እንዳላሳዩ አረጋግጧል። በዓይን ላይ የደረሰው የባሰ ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ ሦስት ሴቶች እያንዳንዳቸው 5,000 ዶላር ከፍለው ከገዛ ስባቸው የተዘጋጀ መርፌ በሁለቱም ዓይናቸው ተወጉ፤ የዓይናቸውም ብርሃን ክፉኛ ተጎዳ። ጉዳታቸው በ2017 በሕክምና መጽሔት ታትሟል።

በሸሪዓ በኩል በሩ አልተዘጋም። በመካ የሚገኘው የራቢጣ የፊቅህ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 ባካሄደው 17ኛ ጉባኤው፣ ጉዳት እስካላደረሰ ድረስ ከአዋቂ ሰው ፈቅዶ ከሰጠ፣ እንዲሁም ከእንግዴ ልጅና ከእትብት ደም የሚወሰደውን ፈቅዷል፤ ሆን ተብሎ ከተቋረጠ ፅንስ የሚወሰደውን ከልክሏል። ይሁንና የተፈቀደ መሆኑ ይፈውሳል ማለት አይደለም። «ሐላል ነው» የሚል ምልክት ተለጥፎበት በዱቄት የሚሸጥ የተክል ስቴም ሴል ሲቀርብልን ሁለቱን መለየት አለብን።

ስለዚህ የመስጂድ ኮሚቴዎች ገንዘብ ከመሰብሰባቸው በፊት የታማሚውን የሐኪም ማስረጃ ይዩ። የበሽታው ስም ምንድን ነው? ሕክምናው ለዚህ በሽታ በየትኛው አገር ተፈቅዷል? ገና ጥናት ላይ ነው ከተባለ፣ ታማሚው ለምን ይከፍላል? እውነተኛ ጥናት በአብዛኛው ከተሳታፊው ለመድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም።

አገር ውስጥ ያለውንም አንርሳ። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ይሠራል። ከጋምቤላ ሪፈር ተጽፎለት አዲስ አበባ ለሚመጣ ታማሚ ደግሞ የመኪና፣ የማደሪያና የአስታማሚ ወጪ አለበት። ሰደቃው ከዚያ ቢጀመር፣ ኢንሻአላህ፣ የት እንደዋለ እናውቀዋለን።