የክረምቱ መንገድ የማኅበራትም ጉዳይ ነው

ከድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የነፃ ንግድ ቀጠና ከሆነው ሥፍራ፣ ወደ ጅቡቲና ወደ መሐል አገር የሚመላለሱት ከባድ መኪናዎችና ከሐረርጌ ደጋ ድንችና ሽንኩርት ጭነው የሚወርዱት አይሱዙዎች በክረምት አንድ የጋራ ጠላት አላቸው። ይኸውም በጠራ ሰማይ ሥር በድንገት የሚደርሰው ደራሽ ጎርፍ ነው።

ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ መኪናም ገብቶ አሸዋ ይጭንበታል። ውሃው የሚመጣው ግን ከደንገጎና በዙሪያው ካሉት ተራሮች በመሆኑ፣ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ሊደርስ ይችላል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገድሎ በሺህ የሚቆጠሩትን ቤት አልባ ማድረጉ አይዘነጋም።

አደጋ በደረሰ ቁጥር የሚወቀሰው ሾፌሩ ብቻ ነው። ሾፌሩ ጥፋት የለበትም ለማለት ባይቻልም፣ መኪናውን የሚከራየው፣ ጭነቱን እስከ ምሽት የሚያዘገየው፣ በኋላም «ገበያው አለፈብን» እያለ የሚያጣድፈው ባለምርቱ መሆኑ ሊታሰብበት ይገባል። በጆንያው ላይ እናቶችና ሕፃናት ሲሳፈሩ አይቶ ዝም የሚለውም የቀበሌው ሰው ነው። ስለዚህ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ጭነቱ በጠዋት አልቆ መኪናው ከሰዓት በኋላ ከሚጥለው ዝናብ በፊት ቁልቁለቱን እንዲጨርስ ማድረግ ይችላሉ፤ ይገባቸዋልም።

ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው መንገድ በአጭር ርቀት ወደ ሺህ ሜትር ገደማ ዝቅ የሚል ጠመዝማዛ ነው። በክረምት ጭጋግ ይጨመርበታል። ጥርሱ ያለቀ ጎማ በእርጥብ አስፋልት ላይ አይዝም፤ በከባድ ማርሽ ፋንታ በፍሬን ብቻ የሚወርድ መኪናም ፍሬኑ ግሎ ሊከዳው ይችላል። ከጭነት በፊት ጎማውን፣ መብራቱንና የዝናብ መጥረጊያውን አይቶ «ይህ አይሄድም» ማለት መካኒክነትን አይጠይቅም።

ስለ ውሃው መሻገር ግን ክርክር ሊኖር አይገባም። 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ፈጣን ውሃ ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ፣ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆነው ደግሞ ብዙውን ተሽከርካሪ ጠርጎ ሊወስድ ይችላል። «መኪናው ከባድ ነው» የሚለው መተማመኛ ብዙ ሰው አታልሏል።

በደጋው ያሉት ቀበሌዎች ዝናቡን ከማንም ቀድመው ያያሉ። በየማኅበሩ አንድ ኃላፊ ተመርጦ ተራራው ላይ ከባድ ዝናብ ሲጥል በታች ላሉት ቀበሌዎችና በመንገድ ላይ ላሉት ሾፌሮች ስልክ ቢደውል፣ በወንዙ ውስጥ አሸዋ የሚጭኑት ለመውጣት ጊዜ ያገኛሉ። ጎርፉ ካለፈ በኋላም አሸዋው ከሥሩ ተቦርቡሮ ሊሆን ስለሚችል፣ መሻገሪያው በእንጨት ሳይፈተሽ መኪና እንዳይገባበት መከልከል ያስፈልጋል።