ትንሽ ድምፅ የሚሰማ ጆሮ

የአንድ የሙዚቃ መሣሪያ ክብር በድምፁ ጉልበት የሚለካ የሚመስላቸው ወንድሞችና እኅቶች በመካከላችን ጥቂቶች አይደሉም። ድምፅ ማጉያው ካልጮኸና ወንበሩ ካልተንቀጠቀጠ ሙዚቃ ተሰማ አይሉም። እኛ ይህን አሳብ አንቀበለውም፤ ምክንያታችንም የሚከተለው ነው።

ባለፈው ወር በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሰፈር፣ በአንድ አዳራሽ የክላሲካል ጊታር ምሽት ተዘጋጅቶ ነበርና ጥቂት ተማሪዎች ሆነን ሄድን። በተጫዋቹ ፊት ማይክሮፎን፣ በግራና በቀኙም እንደ ቁም ሣጥን የገዘፉ ድምፅ ማጉያዎች ቆመዋል። ድምፁ አዳራሹን ሞላው፤ ሰዉም እንደ ልቡ ያወራ ነበር። በመካከሉ መብራት ጠፋ። ተጫዋቹ ግን አላቋረጠም። ያን ጊዜ ወሬው ቀስ በቀስ ቆመ፤ ከኋላ የነበሩትም ወደ ፊት መጥተው ተቀመጡ። ጣት በአውታር ላይ ሲንሸራተት እንኳ ይሰማ ጀመር። ሰዉ ጸጥ ያለው ድምፁ ስላነሰ ነው። ድምፅ ማጉያው ከአድማጩ ላይ አንሥቶት የነበረውን ግዴታ ጨለማው መለሰለት።

የጊታር ድምፅ በተፈጥሮው አጭር ነው። ማሲንቆና ቫዮሊን በደጋን ድምፃቸውን እንደ ወደዱ ያስረዝማሉ፤ የጊታር አውታር ግን ከተመታበት ቅጽበት ጀምሮ ድምፁ እየደከመ ይሄዳል። እንግዲህ የተጫዋቹ ጥበብ የሚደክመውን ድምፅ ከሚወለደው ጋር ማያያዝ ነው፤ ይህም የሚሰማው ጸጥታ ሲኖር ነው። እስፓኛዊው አንድሬስ ሴጎቪያ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1893–1987) በታላላቅ አዳራሾች ሳይቀር ያለ ድምፅ ማጉያ ይጫወት ነበር። ሕዝቡም ትንፋሹን ውጦ ያዳምጠው ነበር።

ይህን ጸጥታ ከእስፓኝ ብቻ የምንማረው አይደለም። ከየካ ሰፈሮች በላይ ባለው በእንጦጦ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950 የተወለዱት በገና ደርዳሪው ዓለሙ አጋ፣ ጥበቡን የተማሩት ከጎረቤታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው። ከ1972 ጀምሮም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተምረዋል። በደርግ ዘመን በገና ከሬዲዮ ራቀ፤ እርሳቸውም በ1980 ማስተማሩን ተዉ።

በገናና ጊታር ዘመዳሞች ናቸው። የበገና አሥር አውታሮች በልማድ ከበግ አንጀት ይሠራሉ፤ የጊታርም አውታር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ናይሎን እስኪተካው ድረስ አንጀት ነበር። በበገና ላይ ግን በአውታሩና በበርኩማው መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል። አውታሩ ሲርገበገብ እንዚራውን እየነካካ ያንን የምናውቀውን ንዝረት ያወጣል። ደርዳሪውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያዜማል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደ ተባለው፣ የጊታርን ለስላሳነት ለማድነቅ የማንሰንፍ እኛ፣ በገናን የዐቢይ ጾም ነገር ብለን ዓመቱን ሙሉ እንረሳዋለን።

ድምፅ ማጉያን መጥላታችን አይደለም፤ ለሠርግ ድንኳንና ለስታዲዮም ያስፈልጋል። ነገር ግን ሁሉን ነገር በእርሱ የለመደ ጆሮ በሌላም ቦታ ይጎዳናል። በስብሰባችን ላይ አሳቡን በዝግታ የሚናገር ተማሪ እጁን ሲያወጣ አዳራሹ በሹክሹክታ ይሞላል፤ የሚጮኸው ሲነሣ ደግሞ ይጨበጨብለታል። ውሳኔያችን የማን እንደሚሆን ከዚህ መገመት አያስቸግርም።

ስለዚህ ማኅበራችን በየመንፈቁ ሁለት ምሽት እንዲያዘጋጅ እንጠይቃለን፤ አንዱ ለጊታር፣ አንዱ ለበገና ይሁን። በገና የጸሎት መሣሪያ ነው፣ ከመዝናኛ ጋር አይደባለቅ የሚሉ ወንድሞች እውነት አላቸው፤ ምሽቶቹን የለየነውም ስለዚህ ነው። ገንዘብ አያስፈልግም። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ሠላሳ ወንበርና የተዘጋ ስልክ ይበቃል። ማይክሮፎኑ በዕቃ ቤት ይቆይ።