ዋናው ፑኝዶ ይቀመጥ፣ ቅጂው ይዙር

የጋምቤላን ታሪክ ከሰነድ አጠናለሁ የሚል ሰው አስቀድሞ የሚያስፈልገው ፓስፖርት ነው። አፄ ምኒልክ በ1902ቱ ስምምነት ባሮ ዳር የፈቀዱትን የንግድ ጣቢያ፣ ከጣሊያን ወረራ ዘመን በቀር፣ እስከ 1956 ያስተዳደረው የሱዳን መንግሥት ስለነበር መዝገቡ የሚፈለገው ካርቱም ነው (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሱዳንን ያስተዳደሩ እንግሊዛውያን ሹማምንት የግል ወረቀት ዱራም ዩኒቨርሲቲ ይገኛል፤ የሥነ ሰብ ተመራማሪው ኢቫንስ ፕሪቻርድ በአኝዋኮች መካከል ያነሳው ፎቶግራፍም ኦክስፎርድ፣ ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ነው። እዚያው ጋምቤላ ያለችው ፑኝዶስ? በ1980ዎቹ መጨረሻ ከወላጆቻቸው የተለያዩ በሺዎች የሚቆጠሩ የደቡብ ሱዳን ልጆች ተጠልለውባት በ1991 ወጡ፤ ከ1993 ወዲህም መጠለያ ሆና ቆይታለች። የዚህ ሁሉ ምስክር የወረዳው ፋይል፣ የመጠለያው ወረቀትና የሽማግሌዎች ቃል ነው።

ለእንዲህ ያለው ቅርስ ቶሎ የሚታሰበው መፍትሔ ሁሉንም ጠቅልሎ አዲስ አበባ ማምጣት ነው። ብሔራዊው ቤተ መዛግብት ወመዘክር ከፑኝዶ የተሻለ ባለሙያም መጋዘንም እንዳለው አይካድም። ሁሉን በአንድ ቤት ማኖር የሚያስከትለውን ግን ካርቱም አሳይታናለች፤ በሚያዝያ 2023 ጦርነት ከፈነዳ በኋላ ብሔራዊ ሙዚየሟ ተዘረፈ። የሚሻለውን መንገድ እኛው ሞክረነዋል። በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ቤተ ክርስቲያንን፣ የባህል ሚኒስቴርንና አሜሪካ፣ ኮሌጅቪል የሚገኘውን የብራና ቤተ መጻሕፍት ያስተባበረ ነበር። ብራናው ከባለቤቱ ዘንድ ቀረ፤ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ፊልም አዲስ አበባም ኮሌጅቪልም ተቀመጠ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ዝርዝሩን ሲያዘጋጁ ኖሩ። ሥራው የቀጠለው ደርግና አሜሪካ ዓይንና ናጫ በነበሩበት ዘመን ጭምር መሆኑ ልብ ይባል።

ቅጂ ለውጭ መስጠት ቅርስን አሳልፎ መስጠት ነው የሚሉ አሉ። የመቅደላን ዝርፊያ ያየ ሕዝብ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። መድኃኒቱ ግን ውል ነው፦ ዋናው ከቦታው አይነሳ፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ምንም አይታተም፣ ዱራምና ኦክስፎርድም በእጃቸው ያለውን ቀድተው ለጋምቤላ ይላኩ። ጎርፍና ግጭት ባለበት አገር ወረቀት ቅንጦት ነው ለሚሉ ደግሞ መልሱ ያው ወረቀት ነው፤ የመሬት ይዞታም ሆነ የስደተኛ ልጅ የልደት ማስረጃ ያለ እሱ አይረጋገጥም። ይህ ወረቀት ግን እስኪቀዳ በደህና መቆየት አለበት፤ ምስጥ የተቀመጠበትን ካርቶን ከሥሩ ገብታ ትጨርሰዋለች፤ ከላይ ሙሉ የመሰለው ፋይል ሲያነሱት አፈር ነው። ይህን የሚከላከል፣ ከግድግዳ ራቅ ያለ የብረት መደርደሪያ ደግሞ ብዙ በጀት አይጠይቅም። ጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ፣ የክልሉ ባህል ቢሮና ወመዘክር ውሉን ፑኝዶ ድረስ ሄደው፣ ሽማግሌዎቹ ባሉበት ይፈራረሙ።